ሪዮካን፦ አልጋው በቁም ሳጥን፣ ጫማው በደጅ

ልጆች ይዞ የገባ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አልጋው የታለ? ክፍሉ ሰፊ ነው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በተጎነጎነ ሣር ተሸፍኗል። መሐል ላይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ጠፍጣፋ መከዳዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከግድግዳው ገባ ባለች ቦታ አንዲት አበባና የተንጠለጠለ የብራና መሰል ጽሑፍ አለ። ሌላ ዕቃ የለም። አልጋው ግድግዳው ውስጥ በተሠራ ቁም ሳጥን ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የሚወጣውም ከእራት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሳሎን የነበረው ክፍል በብዙ ቤቶች ማታ የእራት ቤት፣ ሌሊት የመኝታ ቤት ይሆናል።

ይህ ቤት ሪዮካን ይባላል። ቃሉ በግርድፉ የመንገደኛ ቤት ማለት ነው። ጃፓንን ከልጆቹ ጋር ለማየት ያሰበ ሰው ቢያማክረኝ፣ የቀሩትን ሌሊቶች በርካሽ ሆቴል አድሮም ቢሆን አንዷን ለሪዮካን እንዲያተርፍ እመክረዋለሁ። የአገሩን ምግብ፣ ተፈጥሮና ወግ በየፊናው ሲያሳድድ የሚደክም ቤተሰብ ሦስቱንም በአንድ ጣራ ሥር ያገኛል። ቤቱም እንግዳውን እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው የሚቀበለው። ዱሮ በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ ሲጣራ «ቤት ለእንግዳ» ይባል የነበረውን ያስታውሳል። ልዩነቱ ሪዮካን ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

የሪዮካንን አመጣጥ ለመረዳት ከቶኪዮ ብዙም ወደማትርቀው ተራራማ አገር ወደ ሃኮኔ መሄድ ይበጃል። ከሺንጁኩ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቶ ከተራራው ግርጌ ያደርሳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1635 ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት በመላ አገሩ ያሉ መሳፍንት እየተፈራረቁ አንድ ዓመት በዋና ከተማው በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ እንዲቀመጡ ደነገገ። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ግን ከኤዶ ንቅንቅ አይሉም፤ መያዣ ነበሩ። እናም መሳፍንቱ አጀባቸውን አስከትለው በየዓመቱ ይመላለሱ ጀመር። ከኤዶ እስከ ኪዮቶ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘልቀው የቶካይዶ መንገድ ላይ 53 የማረፊያ ከተሞች ነበሩ። ሃኮኔ አንዷ ናት።

በእነዚያ ከተሞች ማደሪያው እንደ ሰው ማዕረግ ይለያይ ነበር። መስፍኑ የሚያርፍበት ቤት ሆንጂን ይባላል። ተራው መንገደኛ እራትና ቁርስ ተጨምሮለት የሚያድርበት ደግሞ ሃታጎ ነው። አቅም ያነሰው ወደ ኪቺንያዶ ይሄዳል፤ ስሙ የማገዶ ዋጋ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ እንግዳው ሩዙን ይዞ መጥቶ የሚከፍለው ማብሰያ እንጨቱን ብቻ ነበር። ዛሬ ሪዮካን ውስጥ ሒሳቡ በክፍል ሳይሆን በሰው የሚታሰበው፣ እራትና ቁርስም አብረው የሚካተቱት ከሃታጎው ወግ ተወርሶ ነው።

አሺ በተባለው ሐይቅ ዳር በ1619 የቆመው የሃኮኔ ኬላም በ2007 በጥንት መልኩ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። በዘመኑ በየኬላው በጥብቅ የሚፈተሸው ሁለት ነገር ነበር፤ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። ጠመንጃው ለአመፅ ሊሆን ይችላል፤ ሴቲቱም ከመያዣነት ያመለጠች የመስፍን ሚስት ልትሆን ትችላለች። የሃኮኔ ኬላ ትኩረቱ ሴቶቹ ላይ ነበር፤ እነሱን የሚፈትሹ ሴት ሠራተኞችም ነበሩት።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የመግቢያው ሰዓት በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ነው። ደጃፉ ላይ ወለሉ ከፍ ከማለቱ በፊት ጫማ ይወልቃል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማ አውልቆ መግባት የለመደ ሰው ይህን አስተምሩኝ አይልም። መጠንቀቅ ያለበት ነጠላ ጫማው ላይ ነው፦ ለኮሪደሩ የሚሰጠው የሣሩ ወለል ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ እዚያው የሚቀመጥ ሌላ አለ። የሣሩ ወለል ላይ በካልሲ ወይም በባዶ እግር ብቻ ነው የሚረገጠው።

ታታሚ የሚባለው ያ የሣር ወለል ነው። ውስጡ በጥንቱ አሠራር የታመቀ የሩዝ ገለባ ነው፤ ላዩ ኢጉሳ ከሚባል የረግረግ ሣር ይጎነጎናል። በአገር ውስጥ ከሚበቅለው ኢጉሳ አብዛኛው የሚመጣው በደቡብ ካለው ከኩማሞቶ ግዛት ነው። አዲስ ታታሚ የተነጠፈበት ክፍል ሽታው ለበዓል ቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማን ያስታውሳል። አንዱ ታታሚ ርዝመቱ 1.8፣ ወርዱ 0.9 ሜትር ያህል ነው፤ የክፍል ስፋትም የሚነገረው በታታሚ ቁጥር ነው። ባለ 8 ታታሚ ክፍል አራት ሰው ላለው ቤተሰብ በቂ ነው።

ሻይ ተቀድቶ፣ ትንሽ ጣፋጭ ቀምሶ፣ እንግዳው ልብሱን በዩካታ ይለውጣል። ዩካታ ስስ የጥጥ ካባ ነው፤ ለልጆችም በልካቸው አለ። የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል። ቀኙን በግራው ላይ ደርቦ የሚለብሰው የሚገነዝ ሬሳ ብቻ ስለሆነ፣ አስተናጋጆች ተሳስቶ ያዩትን እንግዳ ቀስ ብለው ያርሙታል።

ቀጥሎ ፍልውሃ ነው። ጃፓን የእሳተ ገሞራ አገር በመሆኗ የፍልውሃ ምንጮቿ ከ27,000 ይበልጣሉ። በ1948 የወጣው ሕግ ኦንሰን፣ ማለትም ፍልውሃ፣ ለመባል ከምንጩ ሲወጣ ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ፣ ወይም ከተዘረዘሩት 19 ማዕድናትና ንጥረ ነገሮች አንዱን በበቂ መጠን የያዘ መሆን አለበት ይላል። ዋና ከተማችን ራሷ በፍልውሃ ዳር የተቆረቆረች ናትና ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አጠቃቀሙ ግን ይለያል።

የወንዱና የሴቱ መታጠቢያ የተለያየ ነው። ልብስ በሙሉ ይወልቅና በቅርጫት ይቀመጣል፤ የዋና ልብስ አይፈቀድም። ውስጥ ከግድግዳው ሥር ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ የእጅ ሻወር፣ ሳሙናና ትንሽ ሳፋ አለው። እዚያ ተቀምጦ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መታሸት፣ ከዚያም አረፋ እስኪጠፋ መለቃለቅ ያስፈልጋል። ለተቀማጩም ለጎረቤትም ሲባል ቆሞ ውኃ አይረጭም። ወደ ገንዳው የሚገባው ንጹሕ ሰው ብቻ ነው፤ ገንዳው እድፍ ማስለቀቂያ ሳይሆን መሞቂያ ነውና። ትንሿ ፎጣ ውኃ ውስጥ አትነከርም፤ ብዙዎች አጣጥፈው አናታቸው ላይ ያስቀምጧታል። ውኃው 40 ወይም 42 ዲግሪ ስለሚደርስ ልጆች ቀስ እያሉ እግራቸውን ማስለመድ፣ ቶሎ ቶሎም መውጣት አለባቸው። ከቤት ውጭ የተሠራ ገንዳ ያለው ቤት ከተገኘ አንገት ድረስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ዝግባ መሰሉን ጫካ ማየት ይቻላል። በብርድ ወራት በረዶ ፀጉር ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ አለ። ብዙ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው ሁሉም በጋራ ወደሚጠቀምበት ገንዳ አያስገቡም። ገላን በሙሉ የሚሸፍን ንቅሳት በጃፓን የወሮበላ ቡድኖች መለያ ሆኖ ቆይቷል፤ መንግሥትም ከ1872 እስከ 1948 ንቅሳትን በሕግ ከልክሎ ነበር። በአንገቷ ወይም በግንባሯ ላይ የተነቀሰች እናቱን ይዞ የሚሄድ ልጅ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ እናትን በር ላይ ማሳፈር ከባድ ነው። መፍትሔውም ቅርብ ነው። ብዙ ሪዮካኖች ካሺኪሪ የሚባል፣ በሰዓት ተይዞ ቤተሰቡ ብቻውን የሚገባበት መታጠቢያ አላቸው። እንዲያውም ራቁትነት ለሚከብደው ሁሉ፣ ለባልና ሚስትም፣ ለሕፃናትም የሚሻለው እሱ ነው።

ከፍልውሃው የወጣ ሰው ይርበዋል፤ እራቱም በሰዓቱ ይደርሳል። በአንድ ትሪ ከብቦ መብላት የለመደ ቤተሰብ እዚህ ሌላ ሥርዓት ያያል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገበታ፣ የራሱ ትንንሽ ሳህኖች አሉት። ምግቡ አንድ በአንድ ይመጣል፦ ለምላስ ማሟሻ የምትሆን ቁራሽ፣ ጥርት ያለ ሾርባ፣ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ዓሣ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ በእንፋሎት የበሰለ ለስላሳ እንቁላል። ሩዙ ሚሶ ከተባለ የአኩሪ አተር ሊጥ ከሚሠራ ሾርባና በጨው ከተቀመመ አትክልት ጋር መጨረሻ ላይ ይቀርባል። ለሃኮኔ ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ዓሣው ከተራራው ሥር ካለችው ከኦዳዋራ ወደብ ይወጣል። ሳህኑ እንኳ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ በሙቀት ጊዜ ብርጭቆ፣ በብርድ ጊዜ ወፍራም ሸክላ ይሆናል። እኔ የዚህ ማዕድ ትልቁ ጥበብ ጥሬ ዓሣው ሳይሆን ሾርባው ነው ባይ ነኝ። የደረቀ ኮምቡ የተባለ የባሕር አረምና ተፍቆ እንደ ፍልፋይ የሳሳ የደረቀ ዓሣ ውኃ ውስጥ ተነክረው የሚወጣው መረቅ ለአብዛኛው ምግብ መሠረት ነው።

ጿሚ ሰው ልብ ሊለው የሚገባም ይኸንኑ ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን በዓሣ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም እንግዳም ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ ከአልኮል ጋር እንደሚሠራ ይወቅ። ጾም ላይ ያለ ቤተሰብ ግን ሌላ ምርጫ አለው። ኩካይ የተባለው የቡድሃ መነኩሴ በ816 የገዳማት መንደር አድርጎ በመሠረታት በኮያ ተራራ ሃምሳ ያህል ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ ገበታቸውም ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት የመነኮሳት ምግብ ነው። ከሰሊጥ የተሠራው፣ ቶፉ የሚባለው ለስላሳ ምግብ በአፍ ውስጥ ሟሟ ሲል ጾም መሆኑን ያስረሳል።

ከእራት በኋላ አስተናጋጆቹ ገብተው ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ይገፉና ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ። ወፍራም ፍራሽ፣ ነጭ አንሶላ፣ በላዩ ድልድል ያለ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ እናት፣ አባትና ልጆች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከአልጋ ይወድቃል ተብሎ የሚፈራለት ሕፃን የለም። በየሆቴሉ ክፍል ተከፋፍለው ለሚያድሩ ቤተሰቦች ይህች አንዲት ሌሊት የተለየች ናት። ልጆቹ ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሱት እሷን ቢሆን አይገርመኝም።

ጠዋት ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሚሶ ሾርባ ተቀምሶ ውጭ መውጣት ነው። በ1919 የተከፈተው የተራራ ባቡር በየ1,000 ሜትሩ እስከ 80 ሜትር ሽቅብ እየወጣ፣ ሦስት ቦታ ላይ አቅጣጫውን ወደ ኋላ እየቀየረ ይወጣል። ኦዋኩዳኒ በተባለው የሚጨስ ሸለቆ በድኝ ውኃ የተቀቀለ እንቁላል ቅርፊቱ ጥቁር ሆኖ ይሸጣል፤ አንዱን የበላ 7 ዓመት ዕድሜ ይጨመርለታል ይባላል። ሃታጁኩ በምትባል መንደር የተለያየ የተፈጥሮ ቀለም ያላቸውን እንጨቶች አጣብቀው፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ልገው ሣጥን የሚለብጡ ባለሙያዎች አሉ። ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ ጎናቸው አሥር ጊዜ በተራ ካልተገፋ አይከፈቱም። ከዚያች መንደር በላይ በጥንቱ የድንጋይ መንገድ ዳር አንድ የሣር ክዳን ሻይ ቤት አማዛኬ ያቀርባል። ከሩዝ የሚሠራ፣ የማያሰክር፣ ቀሪቦን የሚያስታውስ ጣፋጭ መጠጥ ነው።

የሚያሳዝነው ሪዮካን እየሳሳ መምጣቱ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ80,000 በላይ ነበሩ፤ በ2017 ግን 40,000 አልሞሉም። የኩባንያዎች የጅምላ ሽርሽር ቀረ፣ ወጣቱ አልጋ ወደደ፣ ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት ለመረከብ እምቢ አሉ። በ705 የተመሠረተውና የዓለም ጥንታዊው ሆቴል ተብሎ የተመዘገበው በያማናሺ ግዛት ያለው ኬዩንካን እንኳ፣ ለ52 ትውልድ በአንድ ቤተሰብ ቆይቶ ወራሽ ስላጣ በ2017 ለረጅም ዘመን ሠራተኛው ተላልፏል። እንዲህ ያለ ቤት የሚኖረው እንግዳ ሲመጣለት ነው።

መካከለኛ ቤት ለአንድ አዋቂ ከሁለት ገበታ ጋር ከ15,000 እስከ 30,000 የን ያስከፍላል፤ የልጆች ዋጋ እንደሚበሉትና እንደሚነጠፍላቸው ይቀንሳል። የፍልውሃ ግብር በአብዛኛው ለአንድ ሰው 150 የን ነው። ጉርሻ አይጠበቅም። ቦታ ስትይዙ የልጆቻችሁን ዕድሜ፣ የማትበሉትን፣ ጾም ላይ መሆናችሁን፣ ንቅሳት ያለው ሰው መኖሩንም አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ለእራት የሚሆነው ዓሣና አትክልት የሚገዛው በእንግዳው ቁጥርና ፍላጎት ልክ ነው፤ ከደረሳችሁ በኋላ የሚነገር ነገር ወጥ ቤቱን ያስጨንቃል እንጂ ገበታውን አይለውጥም።