የመቂ ጎርፍ በማን ስም ይመዝገብ?

መቂ ወንዝ በበጋ የሚታወቀው በአሸዋውና በዳሩ ቆመው ውኃ በሚስቡ ሞተሮች ነው። ክረምት ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ የቡታጅራን አካባቢ ቁልቁለት እየጠረገ ይወርድና አፈር ተሸክሞ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። ከምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች ከሚመጣው ከታር ጋር ሆነው ሐይቁን የሚያኖሩት እነዚህ ሁለት ወንዞች ናቸው።

ዝዋይ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታው 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ደለል ቶሎ ይጎዳዋል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ የተኛው ጭቃ ይበጠበጣል። የባቱ ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው ከዚሁ ውኃ ነው፤ አስጋሪውም ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ከዚሁ። የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል፤ አብያታ መውጫ ስለሌለው የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

የዝዋይ ብክለት ሲነሣ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አበባ እርሻ ይቀስራል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፊ የአበባ እርሻ ውኃም ይስባል፣ ኬሚካልም ይጠቀማል። ግን አጥር አለው፣ በር አለው፣ መርማሪ ሄዶ ሊያንኳኳ ይችላል። በመቂ ዙሪያ ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የሚንኳኳ በር የለውም። አንዱ ሩብ ሄክታር፣ ሌላው ግማሽ፤ ሁሉም ዩሪያ ይበትናል፣ ሁሉም መድኃኒት ይረጫል። ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአንድ መርጫ ቀላቅሎ መርጨት የተለመደ ነው፤ መርጫውም ብዙ ጊዜ የሚታጠበው እዚያው ቦይ ውስጥ ነው። መሬቱን ለአንድ ምርት ዘመን የተከራየ ሰው ደግሞ እርከን የሚሠራበት ምክንያት አይታየውም፤ ሽንኩርቱን ጭኖ ይሄዳል፣ አፈሩ ለባለመሬቱ ይቀራል፣ ያውም ከቀረ።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. የአካባቢውን ውኃ ለፀረ ተባይ ቅሪት መርምረዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዝዋይ ዓሦችና እነሱን በሚመገቡ ወፎች ሰውነት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ከማዳበሪያው ደግሞ ናይትሮጅኑ በውኃ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ፎስፈረስ ግን ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አፈሩን ያስቀረ ሰው ፎስፈረሱንም አስቀረ ማለት ነው።

ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ነገር ግን በካይን የሚጠይቅ ሕግ በካዩን በስም ማወቅ አለበት፤ ጎርፍ ደግሞ የብዙ ሺህ ሰው ነው። ወንዙ የሚነሣው ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተባለው ግዛት ሲሆን የሚያበቃው ኦሮሚያ፣ ምሥራቅ ሸዋ ዞን ነው። ሁለቱን ክልሎች ያገናኛል የተባለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣን መጀመሪያ ራሱን ችሎ ቆመ፣ በኋላ ከሌሎች ተፋሰሶች ጋር ተጠቃለለ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተመለሰ። ቢሮው እንዲህ ሲዘዋወር ደለሉ አልጠበቀም።

በየዓመቱ በበጋ ሕዝብ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ ተራራ ላይ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር ይከተራል። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ክፍተቱ ያለው ታች ነው። ወንዙና ሐይቁ ዳር ያለው ፊላና ሣር ጎርፉን አዝግሞ አፈሩን የሚያስቀር የመጨረሻው ወንፊት ነበር፤ ይኸው ነው ለማሳ የሚመነጠረው። አሸዋ የሚዛቅበት የወንዝ ዳርም እየተናደ ደለሉን ያበዛል። ሐይቁ ሲሸሽ የወጣችው መሬት የማን እንደሆነች ደፍሮ የሚናገር ባለሥልጣን ካልተገኘ፣ ላይ የተሠራው እርከን ብቻውን ዝዋይን አያድንም።

እንደ እኔ ከሆነ በቅድሚያ ሁለት ነገር ይደረግ። ፊላውና ሣሩ የማይነካበት የዳርቻው ከለላ በሜዳ ላይ በችካል ይለይ፤ ከኪራይ ውል ውስጥም ይግባ። ውኃው ደግሞ በጥር ጠርቶ ሲታይ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ ሲመጣ ናሙናው ይቀዳ፣ ውጤቱም በመቂና በባቱ ቀበሌዎች በር ላይ ይለጠፍ። የሚጠጣው ሕዝብ ማየት አለበት።