ጣት የሚያውቀው ጀበና

የብሬል ነጥብ ከወረቀቱ ከፍ የሚለው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሴል (አንድ ምልክት በሚይዘው ቦታ) ውስጥ ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው ርቀት ደግሞ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። የጣት ጫፍ ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ሁለት መሆናቸውን ለማወቅ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ነጥቦቹ ከዚህ ቢቀራረቡ ይምታታሉ፤ በጣም ቢራራቁ ደግሞ ሴሉ ከጣት ጫፍ ያልፋል። ብሬል የቆመው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ በጣት ልክ የተሰፋ ጽሕፈት ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ግን ለዓይን የተሰፋ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቫለንታን አዉይ በፓሪስ ባቋቋመው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚታተሙት ተራውን የላቲን ፊደል ከወረቀቱ ላይ በማሳበጥ ነበር። መጻሕፍቱ ግዙፍና ውድ ነበሩ። ልጆቹ የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ እየተከተሉ ለማወቅ ይደክማሉ፤ በእጃቸው ሊጽፉት ደግሞ አይችሉም። በኋላ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ይዞ መጣ። እመርታው ትልቅ ነበር፤ ይሁንና አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚይዝ ጣት በአንድ ንክኪ አይሸፍነውም። የኮርቻ ሠሪ ልጅ የሆነው ሉዊ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ዓይኑን ወግቶ፣ ቁስሉ ወደ ሌላኛውም ዓይን ተዛምቶ ብርሃኑን ያጣ ልጅ ነበር። በ1824፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። ከስድስት ነጥብ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ።

ጣት ሲያነብ ሥራው ጣት ላይ አያልቅም። ሳዳቶና ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ በዓይናሞች ዘንድ ለማየት የሚያገለግለው የአንጎል ኋለኛ ክፍል ሥራ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ይበልጥ የሚገርመኝ በ2000 የተዘገበ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ ስትወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነች፤ ብሬል አቀላጥፋ ታነብ ነበር። ስትሮክ ይህንኑ ኋለኛ ክፍል በግራም በቀኝም ሲመታባት፣ ነጥቦቹ ጣቷ ላይ እየተሰሟት ማንበብ ግን አቃታት። የመዳሰስ ስሜቷ እንዳለ ነው፤ የሄደው ንባቡ ነው።

አማርኛ ወደ ብሬል ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። በቀለም የሚጻፈው ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ ስለሚያዋህድ፣ ፊደል የሚቆጥር ልጅ 33ቱን በሰባት አባዝቶ 231 ቅርጽ ይጠብቀዋል። በብሬል ተነባቢው ራሱን የቻለ ሴል ነው፤ አናባቢውም ለብቻው ይከተለዋል። ስለዚህ የሚጠናው ምልክት ያንሳል፣ ጣት የሚጓዘው መንገድ ግን ይረዝማል። አንድ ትልቅ የብሬል ገጽ 25 መስመር፣ በየመስመሩም 40 ሴል፣ በድምሩ 1,000 ሴል ይይዛል፤ የአማርኛው ፊደል ሲቆጠር ከሺህ በብዙ ያንሳል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ አንዱ የመማሪያ መጽሐፍ በርከት ያለ ጥራዝ ይወጣዋል። ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ነጥቡን የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ በመሆኑ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ዓይናሞች ይህን ሲያዩ ይደነቃሉ፤ ለልጁ የዘወትር የክፍል ሥራ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጽሑፍ ነው። የትንንሽ ልጆች መጽሐፍ ግን ግማሹ ሥዕል ነው፤ አዉይ የሳተውም ዛሬ ሳይቀር የሚደገመው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚዳሰስ ሥዕል ሲባል የሚመጣለት የዓይናማውን መጽሐፍ ሥዕል ወስዶ መስመሩን ማሳበጥ ነው። ክላትስኪና ሌደርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎችን 100 የቤት ዕቃ በእጃቸው እንዲለዩ አደረጉ። ሰዎቹ የሳቱት ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ያወቁት ከ5 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው። ዕቃዎቹ ባበጠ መስመር ተሥለው ሲቀርቡ በሌላ ጥናት የታወቁት ሲሶ ገደማ ብቻ ሆኑ። እጅ ዕቃን የሚያውቀው በመስመሩ አይደለምና። ሸካራነቱን ለማወቅ ያሻል፣ ጥንካሬውን ለማወቅ ይጫናል፣ ክብደቱን ለማወቅ ያነሳል፣ ቅርጹን ለማወቅ ጨብጦ ያቅፋል። ያበጠ መስመር ላይ የሚቀረው ጠርዝ መከተል ብቻ ነው፤ እርሱም ቀርፋፋ ነው፣ የኋላውን እያስታወሱ የፊቱን መፈለግ ይጠይቃል።

ጀበናን እናስብ። ዓይናማ ሠዓሊ በጎን በኩል ያለውን መልክ ይሥላል። በእጁ የሚያውቀው ልጅ ግን ጀበናን በሆዱ ክብነት፣ በአንገቱ ቅጥነት፣ በጆሮው፣ ማቶት ላይ ሲያስቀምጡት በሚያሰማው ድምፅ፣ በሙቀቱና በሽታው ያውቀዋል። ጎጆም እንዲሁ ነው። አራት ማዕዘን ላይ የተደፋ ሦስት ማዕዘን ከሩቅ የታየ ጎጆ ነው፤ ልጁ ያለው የደጁ መቃን፣ የግድግዳው ጭቃና የመደቡ ቅዝቃዜ ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ ለምሳሌ ጭቃና ጭድ የተመረገበት ቁራጭ፣ ገጹ ላይ ያገኘ ልጅ ወዲያው ቤት ይላል።

በ1994 ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን አጠገብ የተመሠረተው ሌ ዷ ኪ ሬቭ የተባለ አሳታሚ የተነሣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። መጻሕፍቱን የሚያዘጋጀው ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከገመድ ሲሆን ብዙው ሥራ በእጅ ይከናወናል፤ ዋጋው የሚወደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ አገር ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይመስለኝም። ጥጥ፣ ቁርበት፣ ስንደዶ፣ አክርማ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁሉም ጣት የሚለያቸው ናቸው፤ ሰፌድና ሙዳይ የሚሰፋ እጅም አለን። ብሬሉ ከቀለሙ ጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ብሬል የማታውቅ እናት ከልጇ ጋር አብራ ታነባለች።

በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ይበቃል የሚሉ አሉ። በቤተ ክህነት ትምህርት ዜማና ቅኔ በቃል አጥንተው መርጌታ የሆኑ ዓይነ ስውራን ያሉባት አገር በጆሮ መማርን አትንቅም። ነገር ግን ጆሮ ቃል እንዴት እንደሚጻፍና አንቀጽ የት እንደሚሰበር አያሳይም፤ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ይህን ማወቅ አለበት።

ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ አዘጋጅ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ዓይኑን በሻሽ አስሮ ሥራውን ራሱ መፈተን። እርሱ ዝሆን ሲሣል አይቶ ያደገ ሰው ነው፤ ኩርባ መስመር ሲነካ ኩምቢው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ዝሆን አይቶ የማያውቅ ልጅ ዘንድ ያ መስመር ምን እንደሆነ ሊነግረው የሚችለው ልጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ከመባዛቱ በፊት ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ለሆኑ ጥቂት ልጆች ይሰጥ፤ ገጹን ሲዳስሱ አዘጋጁ መልሱን ሳይጠቁም የሚሉትን ይጻፍ።