መስኮት የሌለው ጉዞ

ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ የመርከብ ኢንጂነሮች ግን አሏት። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ እሳት ማጥፋትን፣ በባሕር ላይ ሕይወት ማዳንንና የመርከብ ሞተርን ያስተምራል። የቀረውን የሚያስተምረው መርከቡ ራሱ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኋላም የተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠና ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በጸደቀ መርሐ ግብር የሚሠለጥን ዕጩ ኢንጂነር የወርክሾፕና የባሕር ልምምዱ ተደምሮ ከ12 ወር እንዳያንስ ያዝዛል።

ዕጩው የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ የሚያሳልፈው ግን ማዕበል እያየ አይደለም። የሥራ ቦታው በአብዛኛው ከውኃው ወለል በታች ያለው ሞተር ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ በሞቃት ባሕሮች ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ አይገባበትም። የባሕር ሕመምም እዚህ ሊበረታ ይችላል። የውስጥ ጆሮ መርከቡ እየተናጠ መሆኑን ይናገራል፣ ዓይን ደግሞ ወለሉም ግድግዳውም ባሉበት እንደቆሙ ይመሰክራል፤ አንጎል በዚህ ሲምታታ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ከላይ ያለ ሰው አድማሱን አይቶ ይረጋጋል፣ ታች ያለው ግን አድማስ የለውም። ደግነቱ የአብዛኛው ሰው አካል በጥቂት ቀናት ይለምደዋል።

ከሕመሙ ቀና ሲል ከፊቱ የሚያገኘው ሞተር በዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ካየው ጋር አይገናኝም። የትልልቅ ጭነት መርከቦች ዋና ሞተር እንደ ፎቅ ቤት ደረጃ የሚወጣበት ሲሆን በደቂቃ የሚዞረው 100 ጊዜ ገደማ ነው። በአብዛኛው ማርሽ የለውም፤ ፕሮፔለሩን በቀጥታ ያዞራል። መርከቡ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሲታዘዝ ሞተሩ ይቆምና በታመቀ አየር ተገፍቶ በተቃራኒው ይነሣል! ብዙዎቹ የሚያነዱት ከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲቀዘቅዝ እጅግ ስለሚወፍር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በፍጥነት በሚሽከረከር ማጣሪያም ውኃውና ቆሻሻው ይለያል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የመጠጥ ውኃው ነው። አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ የባሕር ውኃ ከ100 ዲግሪ በጣም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ለማፍላትም ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውኃ ይበቃል። ሊባክን የነበረው ሙቀት መርከበኛውን ያጠጣል።

ለዕጩው በመጀመሪያ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ቧንቧ መከተል ነው። ባትሪና ወረቀት ይዞ የነዳጁን፣ የዘይቱን፣ የማቀዝቀዣውን ውኃ መስመር ከታንከር እስከ ሞተር በእግሩ ይከተላል፤ ከወለሉ ሥር ይገባል፣ መሰላል ይወጣል፣ እያንዳንዱን ቫልቭ በእጁ ይስላል። የታተመ ሥዕል መርከቡ ላይ እያለ ይህን ማድረግ ልፋት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ አላውቅም። ሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ የትኛውን ቫልቭ እንደሚዘጋ የሚያውቀው በጨለማም መንገዱን የሚያስታውስ ሰው ነው። የሠራው ሁሉ በሥልጠና መዝገቡ ይሰፍራል፤ መኮንን አይቶ ካልፈረመበት እንደተሠራ አይቆጠርም።

ፈረቃው በልማዱ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ነው። በብዙ ዘመናዊ መርከቦች ግን ሞተር ክፍሉ ሌሊት ያለ ሰው ይሠራል፤ ችግር ሲፈጠር ደወሉ ተረኛው ኢንጂነር መኝታ ክፍል ይጮኻል። ዕጩውም ቱታውን አጥልቆ ተከትሎት ይወርዳል።

ወደብ ሲደረስም ሥራው አይቀልም። ዋናው ሞተር በጉዞ ላይ ስለማይቆም የሚከፈተው እዚያ ነው። ክሬኖቹ ኮንቴይነር ሲያወርዱ፣ ታች ያሉት ፒስተን አውጥተው ቀለበቱን ይቀይራሉ፣ ፊልትሮ ያጥባሉ፣ የኩሽኔታውን ክፍተት ይለካሉ። መርከቡ የሚነሣበት ሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ ሥራው እስከዚያ ማለቅ አለበት። ዕጩው ከተማዋን የሚያየው ጊዜ ከተረፈው ብቻ ነው።