ስታዲየም ያስገነባው መስከረም

በሲያትል ከተማ ሬይኒየር በሚባለው ረጅም ጎዳና ላይ ሚስማርና ቀለም፣ ጣውላና ቧንቧ የሚሸጥበት ሰፊ መደብር አለ። ሰፈሩ ለሐበሻ ባዳ አይደለም። በ1969 (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ቦታ ላይ ሲክስ የሚባል ስታዲየም ነበር፤ የቤዝቦል መቺው ይቆምበት የነበረውን ቦታ የሚያሳይ ምልክት እስካሁን አለ። በስታዲየሙ ይጫወት የነበረው ፓይለትስ የተባለው ቡድን ዕድሜው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ሆነ። ከሰረ፤ የ1970 ውድድር ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተሸጦ ወደ ሚልዋኪ ሄደ።

ስለ 1995ቱ የሲያትል ማሪነርስ የቤዝቦል ቡድን ሩጫ የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከኦገስት ነው። ከሬይኒየር ጎዳና የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ያንን መስከረም ልዩ ያደረገው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ መነሻ አለው። አንድ ቡድን በአንድ ጀንበር ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ እንደሚችል ይህች ከተማ አይታለች።

ከዚያ በኋላ ሙግት ተጀመረ። በወቅቱ የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ስሌድ ጎርተን አሜሪካን ሊግ የተባለውን የቤዝቦል ማኅበር ፍርድ ቤት አቆሙት፤ ሊጉም በስምምነት ለከተማዋ ሌላ ቡድን ሰጠ። በ1977 የተወለደው ማሪነርስ የካሳ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። አደገ ቢባልም እግሩ አልጸናም፤ ካሸነፈው የተሸነፈው የማይበልጥበት የመጀመሪያ ዓመቱ 1991 ነበር። በ1992 ደግሞ እንደገና ሊሸጥ ሲል፣ ያኔ ሴናተር የሆኑት እነዚያው ጎርተን ጃፓን ድረስ ደጅ ጠንተው የኒንቴንዶውን አለቃ ሂሮሺ ያማኡቺን ገዢ አደረጉ። ሰውየው በ2013 እስኪሞቱ ድረስ ገንዘብ ያፈሰሱበትን ቡድን አንድም ቀን ሜዳ ተገኝተው አላዩትም።

የቡድኑ ቤት ኪንግዶም የሚባል የኮንክሪት ጣሪያ የተደፋበት ግዙፍ አዳራሽ ነበር። በጁላይ 1994 ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ ከጣሪያው ላይ የተለጠፉ ከባድ ሰሌዳዎች ወንበሮቹ ላይ ወደቁ። በሮቹ ገና አልተከፈቱም ነበርና ተመልካች አልተጎዳም፤ በጥገናው ግን ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ማሪነርስ ቤት አልባ ሆኖ በየከተማው ሲንከራተት ቆየ፤ በኦገስት ደግሞ የተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረና የዓመቱ ውድድር ያለ ዋንጫ ተቋረጠ። አድማው ያበቃው በፀደይ 1995 ነው፤ የቀድሞው የሥራ ውል እንዲከበር ያዘዙት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ነበሩ፤ ዛሬ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው። 162 የሚሆነው የየቡድኑ ጨዋታ ያን ዓመት ወደ 144 ዝቅ አለ። የማሪነርስ ባለቤቶችም አዲስ ስታዲየም በኦክቶበር መጨረሻ ካልተወሰነልን ቡድኑን እንሸጣለን አሉ።

እንግዲህ ወደ ኦገስት እንሂድ። ኦገስት 2 ቀን ማሪነርስ ከምድቡ መሪ ከካሊፎርኒያ ኤንጀልስ 13 ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በቤዝቦል ሠንጠረዥ ርቀቱ የሚለካው በነጥብ ሳይሆን በጨዋታ ነው፤ አንተ አሸንፈህ መሪው ከተሸነፈ አንድ ጨዋታ ትቀርባለህ፣ ሁለታችሁም ካሸነፋችሁ እዚያው ናችሁ። ሁለት ወር በቀረው ውድድር 13ን ማጥበብ የሌላውንም ውድቀት ይጠይቃል። ይህም ሆነ፤ ኤንጀልስ ዋና ተከላካዩ ጣቱ ተጎድቶ ወጣበትና ቁልቁል ተንደረደረ፣ በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፈ፣ ቆየት ብሎም ያንኑ ደገመው።

የኛ ሰው ለመጨረሻ ዙር ፍትለካ እንግዳ አይደለም። በዚያው ኦገስት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጎተንበርግ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ፣ በሳምንቱ ደግሞ በዙሪክ 5,000ውን በ12:44.39 ገብቶ ክብረ ወሰኑን ሰባብሮታል። ሩጫ ግን ደወል አለው፤ ሲደወል ሯጩም ተመልካቹም ያውቃል። ቤዝቦል ደወል የለውም። ማሪነርስ መፈትለክ የጀመረው መቼ እንደሆነ የሚታወቀው ወደ ኋላ ሲታይ ብቻ ነው። ብዙዎች ኦገስት 24ን ይጠቅሳሉ። የቡድኑ ዓይን ኬን ግሪፊ ጁኒየር በሜይ ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ በተመለሰ በዘጠኝ ቀኑ፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር፣ በመጨረሻው ኢኒንግ (የጨዋታው ክፍል) ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት፤ ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ነገር ይፈጠር ጀመር። ወርዋሪው ራንዲ ጆንሰን ሁለት ሜትር ከሚያልፍ ቁመቱ ላይ ኳሱን እንደ ጅራፍ ያጮኸዋል፤ ዓመቱን 18 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ጨረሰ። ኤድጋር ማርቲኔዝ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለመምታት ከቆመባቸው ዕድሎች በሺህ 356ቱን አሳክቶ በሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ። አሠልጣኙ ሉ ፒኔላ ሲቆጣ ኮፍያውን የሚረግጥ፣ የሜዳውን ማዕዘን ምልክት ነቅሎ የሚወረውር ሰው ነበር። በኦገስት ግማሽ ባዶ የነበረው ኪንግዶም በሴፕቴምበር መጨረሻ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ።

ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ በእኛ መስከረም 8 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ ነዋሪ ለስታዲየሙ የሽያጭ ታክስ ይጨመር ወይስ አይጨመር በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ። ያን ምሽት ቡድኑ ከቴክሳስ ጋር ሊሸነፍ ሲል አቻ ሆኖ በጭማሪ ኢኒንግ አሸነፈ። ድምፁም መጀመሪያ ላይ የ«አዎ» ወገን የበለጠ መሰለ። በፖስታ የተላከው ሲቆጠር ግን ተገለበጠ፤ ከግማሽ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ በሺህ አካባቢ ብልጫ «አይሆንም» ረታ። የብዙዎቹ ፖስታ የተሞላው ሩጫው ሳይግል ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ቢመረጥ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕዝብ በቀዘቀዘ ልቡ የሰጠው መልስ በጋለው ልቡ ከሚሰጠው ያነሰ ነው የሚል ሕግ አላውቅም።

ማሪነርስ አንደኝነቱን ከያዘ በኋላ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተሸነፈ፤ ኤንጀልስ ደግሞ የመጨረሻዎቹን አምስት አሸነፈ። ሁለቱም 78 አሸንፈው 66 ተሸንፈው እኩል ሆኑ። ኦክቶበር 2፣ በግሸን ማርያም ዕለት፣ በአንድ ጨዋታ ሊለያዩ ኪንግዶም ተገናኙ። ለሲያትል የሚወረውረው ራንዲ ጆንሰን ነው፤ ለኤንጀልስ ማርክ ላንግስተን። ላንግስተን የቀድሞ የሲያትል ልጅ ነበር፤ በ1989 ለሞንትሪያል ተሰጥቶ በምትኩ ከመጡት ወጣቶች አንዱ ጆንሰን ነበር። በሰባተኛው ኢኒንግ ማሪነርስ 1 ለ 0 እየመራ፣ ሦስቱም ማዕዘን በሯጭ ተሞልቶ፣ ሉዊስ ሶሆ የመታት ኳስ በቀኝ መስመር ተጠባባቂዎቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ገባች። ሦስቱ ገቡ፤ ላንግስተን በጥድፊያ የወረወረው ኳስ ስቶ አለፈና ሶሆ ራሱም ተንሸራትቶ ገባ። ላንግስተን በመቺው ሳህን አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ጣሪያውን ሲያይ ቀረ። ውጤቱ 9 ለ 1 ሆነ። ማሪነርስ በተመሠረተ በ19ኛ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ (የዓመቱ ማብቂያ የጥሎ ማለፍ ውድድር) ገባ።

በመጀመሪያው ዙር ያንኪስ ሁለቱን አሸንፎ መጣ፤ ማሪነርስ ሁለቱን መለሰ። ኦክቶበር 8 በአምስተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ፣ 5 ለ 4 እየተመሩ ኤድጋር ወደ ግራ መታት። ጆይ ኮራ ገባ፤ ግሪፊም ከአንደኛው ማዕዘን ተነሥቶ ሜዳውን ዞሮ ገባ። 6 ለ 5። ያቺ ምት በሲያትል እስከ ዛሬ «ድብሏ» ተብላ ትጠራለች፤ ሌላ ስም አያስፈልጋትም።

ከዚያ ክሊቭላንድ 4 ለ 2 አሸንፎ አሰናበታቸው። በሜዳው በኩል ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የከተማው ጉዳይ ግን ገና ነበር። ከክሊቭላንድ ጋር ሲጫወቱ ገዥው ማይክ ላውሪ የግዛቱን ምክር ቤት ለልዩ ስብሰባ ኦሊምፒያ ጠርተው ነበር፤ ሕዝቡ አይሆንም ያለው ስታዲየምም በሌላ በር ገባ። ሕጉ «አስቸኳይ» የሚል አንቀጽ ስለነበረው በሕዝበ ውሳኔ ሊሻር አልቻለም። አንዳንድ ዜጎች ስታዲየም ምን አስቸኳይ አለው ብለው ከሰሱ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 ለምክር ቤቱ ፈረደ። ጥያቄው ዛሬም የሚገባ ጥያቄ ይመስለኛል። ልብ ሲሞቅ የሚወጣ ሕግ የሚከፈለው ልብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ክፍያውም በምግብ ሒሳብ ላይ መጣ። በኪንግ ካውንቲ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ሒሳብ ላይ ግማሽ በመቶ፣ በኪራይ መኪና ላይ ሁለት በመቶ ተጨመረ። በዚያ ዘመን ሲያትል ውስጥ ክትፎ አዝዞ 20 ዶላር የከፈለ ሁሉ፣ ቤዝቦል ይወቅ አይወቅ፣ ከሒሳቡ ዐሥር ሳንቲም ለስታዲየሙ ጥሏል። በጁላይ 1999 የተከፈተው ስታዲየም 517 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ 372 ሚሊዮኑ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ጣሪያው በመንኮራኩር ይከፈታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። ኪንግዶም በማርች 2000 በፈንጂ ፈረሰ፤ የፈረሰው ቤት ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው ግን በ2015 ነው።

በዚያ መስከረም የሮጡት አንድ በአንድ ሄዱ፤ ጆንሰን በ1998፣ ግሪፊ በ2000። ኤድጋር ግን እስከ ጡረታው ቆየ፤ ከስታዲየሙ አጠገብ ያለው መንገድም በስሙ ተሰየመ። በ2001 ቡድኑ 116 ጨዋታ አሸንፎ የቆየውን ክብረ ወሰን ተጋራ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋበት። የምግብ ቤት ግብሩ ቦንዱን ከፍሎ በ2011 ሲቆም፣ ማሪነርስ ያለ ፕሌይኦፍ ዐሥረኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በ2018 የካውንቲው ምክር ቤት ለስታዲየሙ እድሳት ሌላ 135 ሚሊዮን ዶላር ከሆቴል ግብር ፈቀደ፤ ድምፁ 5 ለ 4 ነበር። ያኔ መስከረም ላይ የሚፎክር ቡድን አልነበረም፤ በ1995 ስታዲየሙን ያስገነባው ሙቀት በሌለበትም ገንዘቡ አለፈ።

ከ20 ባዶ የውድድር ዘመናት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022፣ የማሪነርሱ ካል ራሊ በተጠባባቂነት ገብቶ፣ በመጨረሻው ኢኒንግ ሁለት ሰው ወጥቶ፣ ኳሷን በቀኝ በኩል አሻግሮ በስታዲየሙ ውስጥ ካለው ካፌ አደረሳት፤ ቡድኑም እንደገና ፕሌይኦፍ ገባ። በ2023 እና በ2024 ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ከፕሌይኦፍ ቀሩ። በ2025 ራሊ 60 ሆምረን (ከአጥር ማዶ የሚያልፍ ምት) መታ፤ ቡድኑ በሴፕቴምበር ዐሥር ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ሂዩስተንን በሜዳው ጠራረገና ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ኦክቶበር 20 ቶሮንቶ ላይ፣ በሊጉ ፍጻሜ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ 3 ለ 1 እየመሩ ነበር። ወደ ዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያ) ለማለፍ ስምንት ሰው ማስወጣት ሲቀራቸው የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ኳሷን በግራ በኩል ከአጥር ማዶ ሰደዳት፤ ሦስት ሰው ገባ፤ ጨዋታውም 4 ለ 3 አለቀ።