ባትሪው አልሞተም ነበር

በዚህ ሳምንት ሦስት ሰዎች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ሞተሬ ጠዋት ጠዋት እምቢ እያለኝ ነው፣ ባትሪ ልቀይር?» ለሦስቱም የመለስኩት «ሳትለኩ እንዳትገዙ» ብዬ ነው። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላውም ያንብበው።

አምና ታኅሣሥ ላይ ነው። ጎንደር አጠገብ ያለችው ከተማችን ፀዳ ብርዷ እንደ ደባርቅ ባይሆንም ሌሊቱን ደጅ ላደረ ሞተር ቀላል አይደለም፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም በሙቀት ጊዜ የሚሰጠውን ጉልበት አይሰጥም። ቁልፉን ከፈትኩ፣ የኳድሮው መብራት በራ። ማስነሻውን ስጫነው «ታክ» ብሎ ዝም አለ። ደገምኩት፣ አሁንም «ታክ»። በግፊ አስነስቼ ሥራ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስገፋ ከረምኩና በመጨረሻ ጎንደር ወጥቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። የወር አስቤዛ የሚሸፍን ብር ነው ያወጣሁት። ሞተሩ በአንድ ንክኪ ተነሳ፤ ደስ አለኝ። ሃያ ቀን ሳይሞላው መገጭ ድልድይ አጠገብ ለስልክ አጥፍቼው ልነሳ ስል ያችው «ታክ» መጣች።

እየገፋሁ አዘዞ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሰው ዘንድ አደረስኩት። «ጋሼ፣ አሮጌ ባትሪ ነው የሸጡልኝ» አልኳቸው። «ሰው ከመውቀስህ በፊት እንየው ልጄ» አሉና ቴስተራቸውን አወጡ። ሁለቱን ሽቦ ባትሪው ላይ ሲያደርጉት 12.6 አለ። ሙሉ ነው። ቀጥለው ያደረጉትን ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አንዱን ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ እንደያዙ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አሳረፉና «በል ማስነሻውን ጫን» አሉኝ። ቴስተሩ 7.4 አነበበ።

ኔጌቲቩና የሞተሩ ብረት በወፍራም ገመድ የተገናኙ ናቸው፤ ስለዚህ በመሃላቸው የሚለካው ቮልት፣ ማስነሻው ተጭኖም ቢሆን፣ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። 7.4 ማለት ከ12ቱ ቮልት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጋ ሳይደርስ ገመዱ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ካቻቢቴና ቁልፍ አቀብዬአቸው ከመቀመጫው ሥር ያለውን ብሎን ፈቱት። (ጣልያን ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ ካቻቢቴው፣ ካንዴላውና ሞተሪኖው ግን ከነስማቸው እኛው ዘንድ ቀሩ።) በገመዱ ቀለበትና በሻሲው መሃል የክረምት ጭቃ ደርቋል፤ ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ተጋግሯል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈተጉት፣ አጥብቀው አሰሩት፣ ቫዝሊን ቀቡት። ደግመን ስንለካ 0.1 ሆነ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። አዲሱ ባትሪ ሲገባ ገመዱ ስለተነቃነቀ ለሃያ ቀን ትንሽ መገናኛ አግኝቶ ኖሯል እንጂ የተስተካከለ ነገር አልነበረም።

ብዙ ሰው «መብራቱ እየበራ እንዴት አይነሳም?» ይላል። የኳድሮ አምፖል አንድ አምፒር እንኳ አይፈልግም፤ ሞተሪኖው ግን በዚያች ቅጽበት በአሥሮች የሚቆጠር አምፒር ይስባል። የዛገ መገናኛ በቆሻሻ እንደተደፈነ ቧንቧ ነው፤ ጠብ ጠብ ማለት አያቅተውም፣ ባልዲ ሙላ ስትሉት ነው የሚታወቀው።

እናንተም መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ። አንድ «ታክ» ብሎ ካቆመ ገመድና ብሎን ፈትሹ። «ታታታታ» እያለ ከተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል። ጭራሽ ዝም ካለ ፊውዙን፣ መሪው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያና የጎን መቆሚያውን እዩ፤ አንዳንዱ ሞተር ፍሪሲዮን ካልተያዘ አይነሳም። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ እሳት ካልያዘ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፣ ካንዴላና ቤንዚን ነው የሚታየው። የእኛ አካባቢ ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ለአየሩ መጠን ቤንዚኑ ይበዛበታል። ቾክ ደግሞ ቤንዚኑን ይበልጥ ያበዛዋል፤ ከፍተው የሚረሱት ሰዎች ካንዴላቸው ጥቁር ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከዚያ ለኩ። ያደረ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ካለ ሙሉ ነው፣ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ደርሷል። ማስነሻው ተጭኖ ከ9.5 በታች ከወረደ አቅም አጥቷል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ አያደርግም፤ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። 15 ካለፈ ሬጉላቶሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ባትሪውን ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩን የመጨረሻ አድርጉት። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ሻሲውን ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ እጁ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ቻርጅ ስታደርጉም ለ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፒር ገደማ ይበቃዋል፣ በትልቅ የመኪና ቻርጀር አታስጨንቁት። የሚወጣው ጋዝ እሳት ስለሚይዝ ክብሪትና ሲጋራ አይጠጋው።

ቴስተር የሌላችሁ የፀዳ ልጆች ጻፉልኝ፣ የእኔን አውሳችኋለሁ።

አሮጌውን ባትሪ «ሞቷል» ብዬ ጥግ ጥዬው ነበር። ከአዘዞ በተመለስኩ ማግስት በትንሽ ቻርጀር ሌሊቱን አሳደርኩት፣ ነቅዬ አንድ ቀን አስቀመጥኩትና ለካሁት፤ 12.7። ዛሬም መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቼ የሚያጠኑት እሱ በሚያበራት አንዲት የ12 ቮልት አምፖል ነው።