የአራስ እናት ድባቴ
ከመቂ በስተምዕራብ በምትገኘው ቡታጅራ አካባቢ፣ በ1997 እና 1998 ዓ.ም. ከ1000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ለጥናት ተመዝግበው እስከ ወሊድ ድረስና ከዚያም በኋላ ክትትል ተደረገላቸው። በእርግዝናቸው ወቅት የአእምሮ ጭንቀት የበረታባቸው እናቶች ምጣቸው ይረዝም፣ ጡት ማጥባት ለመጀመርም ይዘገዩ ነበር።

ከወሊድ በኋላም ድባቴ የያዛት እናት ከልጇ የምትርቀው ስላልወደደችው አይደለም። ሕፃኑ ፈገግ ሲል መልሳ ፈገግ ለማለት፣ ሲያለቅስ ለማባበል አቅም የሚያሳጣት ሕመሙ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ሰውን ማመን የሚማረው ከዚሁ ምልልስ ነው። አራስን ብቻዋን አለመተው ደግ ልማዳችን ነው፤ ፈተናው ግን የገንፎው ጠያቂ ከሄደ በኋላም ይቀጥላል። ሐዘኗ ከ2 ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካነሳች ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።