በዐለት ላይ የሚኖር ተክል

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከየካ በላይ፥ የእንጦጦ ተራራ ይታያል። ከፍታው ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ድንጋዩ በጥንት ዘመን በእሳት ቀልጦ ከምድር ውስጥ የወጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተራራው አንዱ ክፍል እንጦጦ ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ወደዚያ የሚወጣ ሰው አብዝቶ የሚያየው ባሕር ዛፍን ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነው። የአገሩን ተክል ለማየት የሚወድ ሰው ዐለቱንና ገደሉን መመልከት ይገባዋል።

በኢትዮጵያ ደጋ፥ እንዲህ ባለ ድንጋያማ ስፍራ የሚበቅል አንድ ትንሽ ቁጥቋጦ አለ። ሊቃውንት ኤዮኒየም ሌውኮብሌፋሩም ይሉታል። ከእንዳሁላ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ሲሆን፥ በቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ጽጌ ረዳ አበባ ክብ ሆኖ ይደረደራል። በቅጠሉ ዳር ደቃቅ ነጭ ጠጉር አለ። ስለዚህም ሁለተኛው ስሙ በግሪክ ቋንቋ «ነጭ የዐይን ቆብ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ተክሉን ቀርቦ እንደ ተመለከተው ከዚህ ይታወቃል።

አብዛኞቹ የኤዮኒየም ዘመዶቹ የሚገኙት ግን እጅግ ሩቅ ነው። ከአፍሪቃ በስተ ምዕራብ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፥ ካናሪ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እነርሱም ከባሕር በታች በፈነዳ እሳት የተሠሩ ናቸው። በዚያ ከ30 የሚበልጡ የኤዮኒየም ዓይነቶች ይበቅላሉ። ከእነዚያ ደሴቶች እስከ አዲስ አበባ 6000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመካከሉም ሰፊው የሰሐራ ምድረ በዳ አለ። ሊቃውንት በዘመናችን የተክሎቹን የዘር ምልክት መርምረው፥ የኢትዮጵያው ተክል ከደሴቶቹ ተክሎች የተወለደ መሆኑን አገኙ። ዘሩ እንደ ትቢያ ደቃቅ ስለ ሆነ ነፋስ ሊሸከመው ይችላል።

ኤዮኒየም ዝናብ ሲመጣ ውሃውን በቅጠሉ ያከማቻል። ድርቅ በበረታ ጊዜ የውጭ ቅጠሎቹን ያረግፋል፤ የቀሩትንም ሰብስቦ ይጠብቃል። አበባው ቢጫ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የቅጠል ክምር የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘሩን ካፈራ በኋላ ያ ቅርንጫፍ ይደርቃል፥ ያላበቡት ወንድሞቹ ግን ይኖራሉ። ዘሩ ሳይበስል አበባው የተቀጠፈበት ቅርንጫፍ ዘር አይተውም። ተሰብሮ የወደቀ ለምለም ቅርንጫፍ ግን በዐለቱ ስንጥቅ ጥቂት አፈር ካገኘ ሥር ይሰድዳል።